ለግዥና ንብረት ኃላፊያችን፦ ስለገዙልን አምስት ቴራባይት ትዕግሥት

ለክቡር የማዕከላችን የግዥና ንብረት አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ፊርማዎን ስንጠብቅ እንደምናሳልፈው ጊዜ ረጅምና ያልተቋረጠ እንዲሆን እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቀደም ብዬ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች እንደታሸጉ በመሳቢያዎ ውስጥ መቀመጣቸውን ጸሐፊዎ ስለነገሩኝ፣ አምስተኛውን መክፈት ደግሞ እንዳያደክምዎት ብዬ ራሴ ከፍቼ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቢያነበው ጥፋቱ የፖስታው እንጂ የእኔ አይደለም።

ምናልባት ስለማያውቁኝ ልንገርዎ። እኔ ምድር ቤት፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የሚሰራጨውን የሳይንስ ትምህርት ቪዲዮ የምቆርጥና የምቀጥል ሠራተኛ ነኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን እርሱም ጣሪያው ሲያፈስ ነበር። ዘንድሮ ለአሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሃያ ሁለት ትምህርቶች እንድናደርስ ታዘን አሥራ አምስቱን አድርሰናል። ሰባት ይቀራሉ። ለፈተናው ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። እነዚህ ልጆች በየክፍላቸው በምልክት ቋንቋ ሳይንስ የሚያስተምራቸው ሰው ስለሌለ፣ ከቪዲዮው ያላገኙትን ከየትም አያገኙትም። ይህን የምጽፈው ሊያውቁት ይገባል በሚል እንጂ ይጨነቁበታል በሚል ተስፋ አይደለም።

ጉዳዩ ስለ አንድ ሃርድ ዲስክ ነው። ምስጋናዬን ሳላጓድል በተራ ቁጥር እነሆ፦

አንደኛ፣ ስለ አመራረጥዎ አመሰግናለሁ። መምህራችን በምልክት ቋንቋ ሲያስተምሩ በሦስት ካሜራ ይቀረጻሉ፤ አንዱ ፊታቸውን፣ አንዱ እጆቻቸውን፣ አንዱ ሙሉ ቁመናቸውን ከነሰሌዳው ይይዛል። በዚህ ቋንቋ ቅንድብም እንደ ጣት ስለሚናገር፣ ሦስቱን በአንድ ጊዜ እያጫወትኩ የቱ የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ። አንዱ ካሜራ በሰከንድ ሃምሳ ሜጋባይት ይጎርሳል። ሦስት ጊዜ ሃምሳ መቶ ሃምሳ መሆኑን ለማወቅ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም ብዬ፣ የሚያስፈልገውን በአንድ ገጽ ጽፌ ነበር፦ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን የሌለው፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ዓይነት፤ በሰከንድ ቢያንስ አምስት መቶ ሜጋባይት የሚያነብና የሚጽፍ፤ ከራሱ ፈጣን ኬብል ጋር፤ መጠኑ ሁለት ቴራባይት ቢሆን የሚበቃ። ክፍልዎ ይህን ገጽ ለአሠራር እንዲያመች አሳጥሮ ወደ ገበያ ያወጣው «ሃርድ ዲስክ፣ ትልቅ፣ ብዛት አንድ» በሚል ነው። የማሳጠር ችሎታ ለእኔ ሙያ አስፈላጊ መሆኑን ስለማውቅ አደንቃለሁ፤ እኔ ግን ስቆርጥ ትርጉሙን አስቀራለሁ።

የመጣውም ሳህኑ እየተሽከረከረ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም አምስት ቴራባይት ነው። ለምን ይህ ሆነ ብዬ ብጠይቅ የግዥ ኮሚቴው ሰብሳቢ በኮሪደሩ ላይ ሰው እየሰማ፣ «ሴትዮዋ ሁለት ጠይቃ አምስት ሰጠናት፤ ከዚህ በላይ ምን እናድርግላት፣ እንዘላት እንዴ?» ብለዋል። መታዘሉን አልጠላም፣ እግሬን ያመኛል። ነገር ግን ጎተራው ሰፊ ነው ማለት በሩ ሰፊ ነው ማለት አይደለም፤ በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ እህል ጎተራው አምስት ቀርቶ አምስት መቶ ቢይዝ ለተራበ ሰው አይደርስም።

ሁለተኛ፣ ዲስኩ ሳይፈተን አልተገዛም መባሉ እጅግ አስደስቶኛል። ቃለ ጉባኤውን አንብቤያለሁ። አምስት የተከበሩ ሰዎች በስብሰባ አዳራሹ ተገኝተው፣ ውሃ ቀርቦላቸው፣ ያለፈውን ስብሰባ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ ወደ ዲስኩ ገልብጠዋል። ዓይን ሳይጨፈን ገባ። አጨበጨቡ። ከዚያም «ፍጥነቱ በተግባር ተሞክሮ ከበቂ በላይ ሆኖ ተገኝቷል» ብለው ፈርመዋል። ክቡር ሆይ፣ የጭነት መኪና ሊገዛ ሄዶ ጀርባው ላይ ባርኔጣውን ጭኖ፣ «ዳገቱን ሳይጨነቅ ወጣ» ብሎ የሚመሰክር ሰው ቢያጋጥምዎ ምን ይሉታል? እርስዎ ሰብሳቢ አድርገው ይሾሙታል። አንድ የቪዲዮ ፋይል አስገብተን እንሞክረው ብዬ ለመንገር ወደ አዳራሹ ወጥቼ ነበር፤ በር ላይ የቆሙት የኮሚቴው ጸሐፊ ግን፣ «እትዬ፣ የቴክኒክ አስተያየት ለመስጠት ዲፕሎማ ያስፈልጋል» ብለው በትሕትና መለሱኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት፣ እዚሁ ክፍል መጥረጊያ ይዤ ስሠራ፣ ባለሙያዎቹ አንብበው የጣሉትን መመሪያ ከቆሻሻ ቅርጫት እያነሣሁ ነው። ዛሬ ያ ቅርጫት የተሻለ አስተማሪ እንደነበረ አያለሁ፤ ቢያንስ የተጣለበትን ወረቀት ሳያሳጥር ይይዝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ኬብሉ።

ይህ ዘገምተኛ ዲስክ እንኳ ከፋብሪካው የወጣው ከራሱ ኬብል ጋር ነው። በዚያ ኬብል ቢሰካ በሰከንድ መቶ ሃያ ያህል ይሰጣል። የንብረት ምዝገባ ግን ዲስኩን በአንድ ቁጥር፣ ኬብሉን «ተጨማሪ ዕቃ» ብሎ በሌላ ቁጥር መዘገበው፤ ተጨማሪ ዕቃ ደግሞ ዋናው ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ካልሆነ ከመጋዘን አይወጣም። በምትኩ የተሰጠኝ ከተጣሉ አሮጌ ስልኮች ቻርጀር የተረፈ ቀጭን ኬብል ሲሆን፣ ከዲስኩ ሰፊ ቀዳዳ ግማሹን ብቻ ይሞላል። ይሠራል፤ በሰከንድ ሠላሳ ሜጋባይት ይሠራል። የዲስኩ ኬብል በላስቲኩ እንደታሸገ በመጋዘኑ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ፣ በቀለም ቆርቆሮዎቹና በአሮጌው ደወል መካከል ተኝቷል። በፍርግርጉ በኩል በየጠዋቱ አየዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት የእኔን አይገልጸውም፤ የእኔ ላም ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናት፣ ደረሰኝም አላት።

የመጋዘኑን ሠራተኛ አልወቅሰውም። ደግ ሰው ነው፤ ስለምነው ጭንቅላቱን እየቧጠጠ፣ «እትዬ ሙች፣ ብችል እሰጥሽ ነበር፤ ግን እሱን ከሰጠሁሽ ሲሰበር ምን ልሰጥሽ ነው?» ይለኛል። ይህን ጥያቄ ሦስት ሌሊት አሰብኩበት፤ መልስ የለውም። የእርስዎ መመሪያ መልስ የሌለው ጥያቄ በደግ ሰው አፍ ውስጥ ማስቀመጥ መቻሉ ከባድ ጥበብ ነው።

አራተኛ፣ እንዳይጠፋ ለሚጠበቀው ንብረት ስላወጡት የአሥራ አንድ ሰዓት ደንብ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ዲስኩ ጠዋት በቅጽ ይወጣል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተነቅሎ በቅጽ ወደ መጋዘን ይገባል። አንድ ትምህርት ከነድጋሚ ቀረጻው ዘጠኝ መቶ ጊጋባይት ያህል ይመዝናል። በዚያ ቀጭን ኬብል ለመገልበጥ ከስምንት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቅጹ ተሞልቶ ዲስኩ እጄ የሚገባው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በመሆኑ እስከ አሥራ አንድ ያለኝ ጊዜ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ዳቦ ሊበስል የሚፈጅበትን ጊዜ ጠይቆ፣ ከዚያ ጥቂት ሲቀረው ምድጃው ይጥፋ ብሎ ደንብ የሚያወጣ ሰው ቢፈለግ ከእርስዎ በላይ አይገኝም።

በዚህ ደንብ ምክንያት አንድ ትምህርት ጠፍቷል። «ብርሃንና ጥላ» የሚለው ነበር። የካሜራ ካርዶቻችን ጥቂት ስለሆኑና በማግስቱ ቀረጻ ስለነበረን፣ የተገለበጠውን እያየሁ ካርዶቹን አንድ በአንድ ባዶ አደርግ ነበር። የመጨረሻው ካርድ ሲቀር አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ፤ የመጋዘኑ ሠራተኛ ገባ፤ «ሃምሳ ደቂቃ ብቻ» አልኩት፤ «እትዬ፣ ትናንት ስላሳለፍኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል» ብሎ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ ነቀለው። በማግስቱ ዲስኩ ሲሰካ የዚያን ትምህርት ማኅደር አልከፍትም አለ። ካርዶቹን ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ቅጂ ሳልይዝ ማጥፋት እንደማይገባኝ አውቅ ነበር፤ ይህን ጥፋቴን ከእርስዎ ላይ አልጭነውም፣ የራስዎ ይበቃዎታል።

መምህራችን፣ እርሳቸውም መስማት የተሳናቸውና ስድሳኛ ዓመታቸውን ያለፉ ሰው፣ ድጋሚ እንድንቀርጽ ስለምናቸው የጠየቁኝ መጀመሪያ ነገር «ምን አጠፋሁ?» የሚል ነበር። እጆቻቸውን አገላብጠው እያዩ ነው የጠየቁኝ። ኬብል ስለተነቀለ ነው ብዬ በወረቀት ጻፍኩላቸው። አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ከሰሌዳው ፊት ቆመው ሦስት ሰዓት ሙሉ ብርሃንንና ጥላን እንደገና አስተማሩ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ቆሻሻ ጠርጌያለሁ። ያን ቀን ያየሁትን ግን መጥረጊያ አያነሣውም።

አምስተኛው ነጥብ ስለ አንዲት ልጅ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ትምህርት ወደ ትምህርት ቤቶች ከመላኩ በፊት ከተማሪዎቹ አንዱ ያየዋል። ዘንድሮ የምታይልን፣ እጇን ስለማታወርድ ጓደኞቿ «ጥያቄ» የሚሏት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ፈተናውን ወድቃለች፤ በደንቡ ሁለተኛ ዕድል እንጂ ሦስተኛ የለም። ዘንድሮ ካላለፈች እናቷ ከምትሰፋበት መኪና አጠገብ ሌላ የስፌት መኪና እንደተዘጋጀላት ራሷ ነግራኛለች፤ በሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት እንደምትፈልግም እንዲሁ። ከእኔ ጋር የምንነጋገረው በደብተሯ ላይ በእርሳስ እየጻፍን ነው።

በሠላሳ ሜጋባይት ሦስት ካሜራ ማጫወት ስለማይቻል፣ ምስሉ ፊቴ ላይ ይደርቃል፤ መምህሩ እጃቸውን ያነሣሉ፣ አየር ላይ ይቀራሉ፣ ቀጥሎ ሲታዩ እጃቸው ወርዷል። መካከሉን እየገመትኩ እቆርጣለሁ። የደም ዝውውርን ትምህርት እንዲህ በግምት ቆርጬ ለጥያቄ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ በደብተሯ ላይ፣ «ደሙ ከልብ ወጥቶ ሳንባ ገባ። ከዚያስ? አልተመለሰም። ሰውየው ሞተ?» ብላ ጻፈች። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ የተጻፈውን ሳነብ ሳቄ ቆመ፦ «እጁ ሲነሣ አየሁ፤ የት እንደደረሰ ግን አላየሁም። እኔ ነኝ ወይስ ቪዲዮው?» ይህች ልጅ ባለፈው ዓመትም ያልገባት ነገር ሲገጥማት ጥፋቱ የእርሷ እየመሰላት ነው የወደቀችው። መምህሩ ጥፋቱ የእጃቸው መሰላቸው፤ ልጅቷ ጥፋቱ የዓይኗ መሰላት፤ እኔም ጥፋቱ የእርጅናዬ መስሎኝ መነጽር ቀየርኩ። በዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ ራሱን ያልጠረጠረ አንድ ክፍል ብቻ አለ፤ ስሙም በሩ ላይ በነሐስ ተጽፏል።

«ሰውየው አልሞተም፤ ቪዲዮው ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ያን ትምህርት መልሼ ለማስተካከል አራት ቀን ፈጀብኝ።

ስድስተኛ፣ ባለፈው ሰኞ ስለላኩልኝ የርክክብ ቅጽ። «የተገዛው ዕቃ ለታሰበለት አገልግሎት ተስማሚ መሆኑን አረጋግጬ ተረክቤያለሁ» በሚለው ሥር እንድፈርም ተጠይቄያለሁ። ከፈረምኩ ችግሩ ተፈትቷልና ሌላ አይገዛም። ካልፈረምኩ ደግሞ የመጀመሪያው ግዥ አልተዘጋምና ሌላ ሊገዛ አይችልም። ምክትልዎ ይህን ሲያስረዱኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አይ አንቺ! ዝም ብለሽ ፈርሚና እንገላገል፤ ማን ያየዋል?» ብለዋል። እኔን ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጠላኝ ይህ ነው። ዲስኩ ማነሱ አላስጠላኝም፤ ዕቃ ነው፣ የተሠራውን ያህል ይሮጣል። ያስጠላኝ፣ አምስት ሰው ሐሰት ፈርሞ ስድስተኛ ሰው ሲጎድል እንደ ሠርግ ጥሪ እኔን መጋበዛችሁ ነው። ቅጹን ሳልፈርም ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ።

ሰባተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ በቀይ ዘይት ቀለም በዲስኩ በሁለቱም ወገን የንብረት ቁጥር ስለመጻፉ ነው። ነገር ግን ቀለሙ ቆንጆ ስለሆነ ትቼዋለሁ።

እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን እንዳልተቀመጥን ይወቁልኝ። ባለፈው ዓርብ ከመምህሩ ጋር ተማክረን አሥራ ስድስተኛውን ትምህርት በአንድ ካሜራ ብቻ፣ ሳይቆረጥ፣ አርባ ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ ቀረጽነው፤ ዲስክዎን ሳይነካ ከካርዱ በቀጥታ እንዲላክ ብለን ነው። መምህሩ አንድም ስሕተት አልሠሩም። ሲጨርሱ አንጓቸው አብጦ ነበር። ለጥያቄ አሳየኋት። ሙሉ ሰው በአንድ ምስል ውስጥ ሲገባ እጁ የጣት ያህል ትንሽ ይሆናልና፣ ወንበሯን እየጎተተች ተጠጋች፤ እንደገና ተጠጋች፤ በመጨረሻ አፍንጫዋ የስክሪኑን መስታወት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጨርሳ ስታበቃ፣ «ገባኝ። ግን በክፍላችን አርባ አንድ ነን፤ ሁላችንም እዚህ ጋ አንቀመጥም» ብላ ጻፈች። ስለዚህ አልላክነውም።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ኤስኤስዲውን አልጠይቅም፤ እርሱን ለሚቀጥለው ትውልድ ኃላፊ አቆየዋለሁ። የምለምነው ከመጋዘኑ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ በላስቲክ የታሸገውን የዲስኩን የራሱን ኬብል፣ ዲስኩም እስከ ፈተናው ድረስ እኔ ክፍል እንዲያድር ፈቃድ ብቻ ነው። በዚያ ኬብል ሦስት ካሜራ አይሄድልኝም፤ ሁለት ግን ይሄዳል፤ ፊቱንና እጁን እይዛለሁ፣ ሰሌዳውን እተወዋለሁ። በቀን አንድ ትምህርት አድርጌ ሰባቱን በሰባት ቀን እጨርሳለሁ፤ ልጆቹም የሚያጠኑበት አሥራ ሁለት ቀን ያገኛሉ። አንድ ፊርማ ነው። ኬብሉ ቢሰበር ከእኔ ይያዝ፤ ቢጠፋ እኔን በሌላ ቁጥር መዝግቡኝ። ጥያቄ ነገ ጠዋት ትመጣለች፤ «ዛሬስ የት ደረሰ?» ብላ እንደምትጽፍ አውቃለሁ፤ ከእንግዲህ «ቪዲዮው ነው» ብዬ አልመልስላትም። ደብተሯን ይዤ፣ እርሷንም ይዤ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቢሮዎ እወጣለሁ። መልሱን እርስዎ በገዛ እጅዎ፣ በእርሳሷ ይጻፉላት።

ለዕቃ ያለዎት ርኅራኄ አንድ ቀን ወደ ሰው እንዲተርፍ እየጸለይኩ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን መርፌ ቁልፍ ያለ ቅጽ በመውሰዴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከወንበርዎ በታች ሦስት ፎቅ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥዎ፣
የምድር ቤቷ ቪዲዮ ቆራጭ

ግልባጭ፦
ለግዥ ኮሚቴው አምስት አባላት
ለመጋዘኑ ሠራተኛ (ከፍቅር ጋር)
ለተማሪዎቹ ወላጆች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለዓመታዊው ስብሰባ እንዲቀርብ ያዘዙትን፣ ስለ ክፍልዎ ስኬት ያደረጉትን የሃያ ደቂቃ ንግግር ቪዲዮ በዚሁ ዲስክ ላይ ሠርቼ ጨርሻለሁ። በግምት እየቆረጥኩ ስለሠራሁት፣ ብዙ ቦታ ላይ አፍዎን ከፍተው ይጀምሩና ሳይጨርሱ ሌላ ነገር ውስጥ ይገባሉ። ተጨንቄ ለሦስት ባልደረቦችዎ ባሳያቸው፣ ምንም የጎደለ ነገር እንዳላዩበት፣ እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ እንደገባቸው ስለመሰከሩልኝ፣ እንዳለ ትቼዋለሁ።